ባሌ ተራራ ለገና፣ ከ3 ልጆች ጋር፦ ሳነቲ ላይ በድንኳን ማደር ይቻላል?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር (አንድ ጥያቄና የተከታተሉት መልሶች) የከፈተችው የ3 ልጆች እናት ናት። ልጆቹ የ9፣ የ6 እና የ2 ዓመት ናቸው። ከአዲስ አበባ በራቭ ፎር ተነስተው በገና ሰሞን 4 ሌሊት ባሌ ለማሳለፍ አስበዋል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ፣ ሁለተኛውን ሳነቲ አምባ ላይ በድንኳን፣ ሦስተኛውን ሐረና ጫካ፣ አራተኛውን ሶፍ ዑመር ዋሻ ደርሰው ሲመለሱ ሮቤ። ሳነቲ ላይ ማደሩ የመጣው ቀይ ቀበሮ የሚታየው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው ስለተባለች ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ብርዱን ይችሉታል ወይ? መልሶቹን በየተራቸው ላስቀምጥ። አንዳንዶቹ አንድ መስመር አይሞሉም፣ ሁለቱ ግን ክሩን ሊበሉት ደርሰው ነበር።

1ኛው መልስ የሚያበረታታ ነው። ዕቅዱን አሞግሶ ጋቢ አብዝታችሁ ያዙ፣ ልጅ ከአዋቂ ይበልጥ ይጠነክራል ብሎ አልፏል።

2ኛው ጥያቄውን ራሱን አረመ። ብርድ በልብስ ይሸነፋል፣ የሚያሰጋው ከፍታው ነው አለና ቁጥር ደረደረ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ ዲንሾ 3,100 ያልፋል፣ ሳነቲ 4,000 ገደማ ነው፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው የሚመረጠው። በዚህች እናት ዕቅድ የመጀመሪያው ሌሊት 750፣ ሁለተኛው 900 ሜትር ይጨምራል። ቀን ወጥቶ መመለስና ማደር ደግሞ አንድ አይደሉም። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከደረሱ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት የወረደ ሰው ሳይነካው ሊያመልጥ ይችላል፤ ያደረ ግን እኩለ ሌሊት ላይ፣ ጨለማውና ውርጩ ውስጥ ያገኘዋል።

3ኛው መልስ በአክብሮት ነው የሚከራከረው። የአዲስ አበባ ልጅ የተወለደው 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነ ከባሕር ወለል ከመጣ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም፣ ዲንሾ ላይ በመጀመሪያው ሌሊት የሚታመም የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው ይላል። ሳነቲ ላይ ማደሩን ግን እሱም አልደገፈውም።

4ኛው ከዚያው ላይ ቀጥሎ እናትየዋ ያላሰበችውን ጠየቀ፦ አብሯችሁ የሚሄድ እንግዳ አለ? ለገና ከዱባይ ወይም ከሚኒሶታ የመጡ የአክስት ልጆች አውሮፕላን በወረዱ በሦስተኛው ቀን ባሌ ሲጫኑ የቤቱ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ እንግዶቹ ያስመልሳሉ። እንዲህ ያለ እንግዳ ካለ አዲስ አበባ 3 ወይም 4 ሌሊት ይደር፣ ከዚያ በኋላም 2,500 ሜትር ላይ ያለችው ሮቤ ትቅደም የሚል ነው ምክሩ።

5ኛው የ2 ዓመቷን ለይቶ አነሳ፤ ለእኔ የክሩ ቁም ነገር ይህ ነው። ትልቅ ልጅ ራሴን አመመኝ ይላል። ሕፃን አይልም። ከሕፃን የሚጠበቀው ምልክት መነጫነጭ፣ የሚወዱትን ምግብ መግፋት፣ አለመጫወት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ረጅም መንገድ የተጓዘ ሕፃን ጤነኛም ሆኖ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ከፍታ ላይ ያለበቂ ምክንያት የተነጫነጨ ሕፃን ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም እንደያዘው ይቆጠራል። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ 500 ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል፣ 1,000 ቢሆን ይሻላል። ከሳነቲ ወደ ጎባ ከተማ መውረድ 1,200 ሜትር ያህል ስለሚቀንስ መኪናው ቁልፉ በቅርብ ተቀምጦ፣ አፍንጫውም ወደ መውጫው ዞሮ ይቁም ብሏል። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ለራስ ምታት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሽሮፑ ሕመሙን አስታግሶ ምልክቱን ሊሸፍን ስለሚችል ተሻለው ብሎ እዚያው ማደር አይገባም። የከፍታ ሕመም መድኃኒት የሆነውን ዳያሞክስን በልምድ መስጠት የለም፤ የልጁን ክብደት ያየ ሐኪም ይዘዘው።

6ኛው የመኪና ማቅለሽለሽንና የከፍታ ሕመምን መለያ ጨመረ። ከጎባ ወደ ላይ ያለው መንገድ ኮረኮንችና ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጅ ቢያስመልስ አይገርምም። መኪናው ቆሞ ልጁ ወርዶ ግማሽ ሰዓት ንጹሕ አየር ካገኘ በኋላ ከተሻለው መንገዱ ነው። ከባሰበት ከፍታው ነው።

7ኛው ዕቅዱን ገልብጦ አቀረበ፤ እናትየዋ በኋላ የተቀበለችውም ይህንኑ ነው። ዲንሾ ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ ትገኛለች፣ ግን በ600 ሜትር ትበልጣታለች። ስለዚህ ዲንሾን አልፎ ሮቤ ማደር፣ በነጋታው ጠዋት ወደ ዲንሾ ተመልሶ ደጋ አጋዘኑን ማየት፣ ትኬቱን እዚያው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መቁረጥና አስጎብኚ መያዝ፣ ለሁለተኛው ሌሊት 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጎባ ማደር። በሦስተኛው ቀን ሳነቲን ተሻግሮ ሐረና ውስጥ 2,400 አካባቢ ማደር። ቱሉ ዲምቱም ይታያል፣ አዳሩም በየሌሊቱ ከ2,800 በታች ይሆናል።

8ኛው በዚህ ተቆጣ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነድቶ ዲንሾን በአስፋልት ሽው ብሎ ማለፍ ኃጢአት ነው፣ አጋዘኑ ከ10 ሰዓት በኋላ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ሲወጣ ያላየ ባሌን አላየም ባይ ነው። 9ኛው ምን ይከለክላል ብሎ መለሰለት፤ 10 ሰዓት ዲንሾ ደርሶ፣ አንድ ሰዓት ቆሞ አይቶ፣ ቀን ሳለ ሮቤ መግባት ይቻላል። ችግሩ ማንም በ10 ሰዓት አይደርስም። ልጅ የያዘ ሰው አሰላ ላይ ምሳ፣ በቆጂ ላይ ሽንት፣ ዶዶላ ላይ ሙዝ እያለ 11 ተኩል ላይ ነው ዲንሾ የሚገባው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ከብት፣ ፈረስና መብራት የሌለው ጋሪ ስለሚበዛ በጨለማ መንዳት የለም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ሌሊት ተነሱ፣ ልጆቹ አዳማ እስክትደርሱ ይተኛሉ። ይህ ሐቅ ነው፤ ልጅን ከአልጋ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪና ላይ መጫን ሙሉ የግማሽ ቀን ሰላም ያስገኛል።

10ኛው ቀበሮውን አነሳ፣ ሳነቲ ላይ ማደሩም እንደማያስፈልግ አሳየ። ቀይ ቀበሮ የቀን አዳኝ ነው። የሚበላው ፍልፈልና የሣር አይጥ ከጉድጓዱ የሚወጣው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ስለሆነ፣ በታኅሣሥና በጥር ቀበሮውን ለማየት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ጠዋት ይሻላል። በ12 ሰዓት ልጅ ይዞ ውርጭ ላይ የሚቆም ሰው የሚያየው ውርጩን ነው። ከመኪና አለመውረድም ይረዳል፤ ቀበሮው መኪናን ይታገሣል፣ በእግሩ የቆመ ሰው ሲያይ ግን ይርቃል። ሞተር አጥፍቶ፣ መስኮት ግማሽ አውርዶ፣ ትልቁ ፍልፈል አፈር የሚገፋበትን ጉብታ መጠበቅ ነው። ፍልፈሉ ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ በአጠገቡ ያለውን ሣር ነጭቶ ወዲያው ወደ ኋላው ይገባል፣ የ6 ዓመት ልጅ ለአንድ ሰዓት ሳይነጫነጭ የሚያየው ነገር ነው።

11ኛው መልስ ከርዕሱ ወጣ። ስሙ ቀበሮ ነው ወይስ ተኩላ? ሳይንሱ ከተኩላና ከውሻ ወገን ይመድበዋል፣ የአካባቢው ኦሮሞ ግን ጀዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት፤ የምትወልድ ፈረስ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ይጠብቃል ስለሚባል። 12ኛው የፍልፈሉን ወሬ በሌላ አቅጣጫ ቀጠለው። እዚያው ባሌ ተራራ ላይ ያለው ፊንጫ ሀበራ የሚባለው የድንጋይ ጥላ 3,469 ሜትር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበርና የተጠበሰ ፍልፈል ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። አንድ ሰው ከሥሩ ምግብ ስትይዙ ፍልፈሉን አትርሱ ብሎ ቀለደ። እኔ ለ9 ዓመቱ ልጅ ይህን ነበር የምነግረው።

13ኛው ወደ ድንኳኑ መለሰን። ሐረና ወይም ዲንሾ በድንኳን ማደር ለሚፈልግ ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው ይላል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ውስጡ ያለው አየር እየዞረ ሙቀት ስለሚወስድ ሌሊቱን በበረዶ ላይ እንደመተኛት ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይሻላል። 3 ብርድ ልብስ ካለ 2ቱ ከሥር፣ 1ዱ ከላይ። ድንኳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ስህተት ነው፤ የ5 ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ረግቶ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትነካው በልጆቹ ላይ ይዘንባል። ከላይ አንድ ስንጥር ይከፈት። ሳነቲ ላይ በደረቁ ወቅት ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ መውረዱ ተመዝግቧል። ለዚህ ገበያ የሚሸጠው ተራ የመኝታ ከረጢት አይበቃም።

14ኛው ከሰል በምድጃ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ ድንኳኑ ማስገባት ነው መፍትሔው አለ። ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ።

15፣ 16 እና 17 በአንድ ድምፅ ጮኹበት፤ አንደኛው እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ከዚህ ይወገድ እስከ ማለት ደርሷል። ከቁጣው ውስጥ የሚጠቅመው ይህ ነው። ጭስ የሌለው ከሰል አደጋ የለውም የሚለው እምነት ነው ገዳዩ። የቀላ ፍም ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው፣ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ደግሞ ደም ቀድሞውኑ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጥቂቱም ይበቃል። የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሆነ ከከፍታ ሕመም ጋር ተምታቶ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ድንኳን፣ የሎጅ ክፍል፣ መኪና፣ የትም አይገባም። በምትኩ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ከረጢት ሞልቶ፣ በካልሲ ሸፍኖ በልጁ እግር ሥር ማድረግ። 14ኛው ተመልሶ ቤት ሁሉ እንዲህ አይደለም ወይ ብሎ ሊከራከር ሞከረ። 18ኛው ቤት ውስጥ የሞቱትን ቁጠር የሚል ጠንካራ ቃል ከመለሰለት በኋላ አልጻፈም።

19ኛው በምግብ ጉዳይ ረጋ አደረገን። ዲንሾ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ፣ ሳነቲ ላይ 87 አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ምስር ይቆያል፣ ሽምብራና ባቄላ ያለ ፕሬዠር ድስት አይታሰቡም፣ ፓስታ ላይ ላዩ ይላሽቃል እንጂ ውስጡ አይበስልም። ሽሮ አያሳፍርም። ለመንገድ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አሰላ ላይ ከተገኘም ጭኮ፤ ግን ጭኮ ቅቤው ስለሚበዛ ሆዱ ለተረበሸ ልጅ ጠዋት ላይ አይሰጥ፣ በሶው ይሻላል። አንድ ሰው ውሃው በደንብ ስለማይፈላ ተህዋስ አይሞትም ብሎ ገባ። 20ኛው አረመው፤ 87 ዲግሪም ቢሆን ይገድላል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ባለ ጣሳዋ የጋዝ ምድጃ ግን ውርጭ ላይ አትነድም፣ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ጣሳውን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ማሳደር ወይም የነጭ ጋዝ ቡታጋዝ መያዝ።

21ኛው ሕፃኗን ስለ ማዘል የጻፈው አጭር ነው። ብረት ያለው የጀርባ ማዘያ ውስጥ የተንጠለጠለ ልጅ ስለማይንቀሳቀስ እግሩ ይደነዝዛል፣ አባት ግን ዳገት እየወጣ ስለሚሞቀው አይታወቀውም። አንቀልባ፣ ከላይ ጋቢ፣ በየ20 ደቂቃው የእግር ጣት መንካት። ፀሐዩም እንዳይረሳ፣ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር አፍንጫና ጆሮ ላይ የፀሐይ ክሬም።

22ኛው ባለሙያ መካኒክ ይመስላል። ብዙ የአዲስ አበባ መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ጎባም ሆነ ዲንሾ ውርጭ ባለበት ሌሊት ከረጋ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይሞላ። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ካረጀ ደግሞ ግፊት ስለማይዝ ዳገቱ ላይ ቀድሞ ይፈላል፣ ክዳኑ ይለወጥ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ሳነቲ ላይ ከሦስት እጅ አንዱን ገደማ ማጣት ነው፣ መኪናው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ሲወርዱ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ። ነዳጅ ጎባ ወይም ሮቤ መሙላት፣ ጄሪካን ግን ልጅ ያለበት መኪና ውስጥ አለመጫን፤ ከፍታው ላይ የችፕስ ከረጢት እንደሚነፋ ጄሪካኑም ይነፋል፣ ትነቱ በክዳኑ ያመልጣል።

እዚህ ላይ 23ኛው በኤሌክትሪክ መኪናስ ብሎ ጠየቀ፣ ክሩም ለተወሰነ ጊዜ የባሌ መሆኑ ቀረ። 24ኛው ያሳቀቀ ምላሽ ሰጠ፤ አሻንጉሊታችሁን ቦሌ ላይ ንዱ። 25ኛው ግን በስሌት መጣ። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከጎባ እስከ ቱሉ ዲምቱ 1,630 ሜትር ያህል ለመውጣት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ብክነቱ ሲታከል 9 ወይም 10፣ ለአግድሙ ርቀት የሚያስፈልገው ሳይቆጠር። ሲወርድ ከፊሉን ይመልሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ዳገቱ ላይ 24ኛውን ያልፈዋል። ዋናው ጥያቄ ሳነቲ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ሮቤ ያለው ርቀት ነው፤ የሚያድሩበት ቦታ መሰኪያ እንዳለው ደውሎ ሳያረጋግጡ አለመነሳት።

26ኛው መልስ የእናትየዋ ነው። የ7ኛውን ዕቅድ ወስዳለች፣ ድንኳኑን ትታለች። ሶፍ ዑመርንም አውጥታለች፤ ከሮቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ቆላ ወርዶ፣ የዌይብን ወንዝ ደጋግሞ እየተሻገሩ ዋሻ ውስጥ የ2 ዓመት ልጅ ማዘሉ ለሌላ ጊዜ ይሁን ብላለች። መጨረሻ ላይ ቤት ያለውን ውሻ ይዘው መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች።

27፣ 28 እና 29 በተከታታይ አይቻልም አሉ። 28ኛው ምክንያቱን ጻፈ፦ ቀይ ቀበሮ በመላው አገሪቱ ከ500 ያነሰ ጎልማሳ ነው ያለው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የሚፈጀው ከውሻ የሚይዘው ወረርሽኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የነበሩትን አብዛኞቹን ገድሏል። ክትባት የወሰደ ውሻም ቢሆን ይቅር። እናትየዋ ውሻው አያት ቤት እንደሚቀር ጽፋ፣ ኩላንቱ ሮቤ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀች። 22ኛው ተመልሶ አዲስ አበባ ሳለሽ ሙዪው፣ አሮጌው ውሃ ተፍሶ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ አላት።